ሦስተኛው ጉድለት

አላምረው መጋዘኑ ውስጥ ማንም እንደማያድር የሰማው እዚያው መጋዘን ውስጥ፣ አልጋው ላይ ተጋድሞ ነው። ገና እየነጋ ነበር። ልጁ ይድነቃቸው ከቆርቆሮው ግድግዳ ውጭ ቆሞ በስልክ ያወራል፤ ድምፁ እንደ ሁልጊዜው ጮክ ያለ ነው፤ ቆርቆሮ ደግሞ ምንም አይደብቅም። «ሁለቱን ጨርሰናል» ይላል። «የተቆረጠውን ሰያፍ ብረት መልሰን አስበይደነዋል። የኮለኖቹ ቡሎኖችም ጠብቀዋል። ሦስተኛው . . .» «ሦስተኛውም ተስተካክሏል። ማንም አያድርበትም። ሽንኩርት ብቻ ነው ያለው።» ከዚያ ምስጋና፣ ከዚያም «እሺ፣ ከሰዓት እንጠብቅሻለን» የሚል ቃል ተከተለ። አላምረው ጣሪያውን እያየ፣ ሦስተኛው ምን እንደሆነ ቀስ ብሎ ገባው።

የወረዳው ኢንጂነር መጋዘኑን ልትፈትሽ መጀመሪያ የመጣች ዕለት እሱ ጎብዬ ለቅሶ ሄዶ ነበር። ሲመለስ ይድነቃቸው፣ «ሁለት ጉድለት አገኘች» ብሎ ነገረው። አንደኛው፣ አይሱዙ እንዲገባ ብለው ከበሩ አጠገብ ቆርጠው የጣሉት ሰያፍ ብረት ነው። ሁለተኛው፣ ከሲሚንቶው ጋር በደንብ ያልታሰሩት ኮለኖች ናቸው። ሦስተኛ የሚባል ነገር አላነሳም። ከዚያ ወዲህ በያጅ ከቆቦ ተመላልሷል፤ አባትና ልጅ አብረው ብረት ተሸክመዋል፤ አብረው ጥላ ሥር ተቀምጠው ምሳ በልተዋል። ስለ ብየዳውም ስለ ሽንኩርቱ ዋጋም አውርተዋል። በወረዳው የወጣው አዲስ ደንብ በብረት የቆመ የእርሻ ቤት ሁሉ፣ መጋዘንም ይሁን የከብት ማድለቢያ፣ የደህንነት ምስክር ወረቀት እንዲኖረው ያዛል። ወረቀት በሌለው መጋዘን ውስጥ የገበሬዎቹ ዩኒየን ሽንኩርት አያከማችም፤ ዩኒየኑ ካላከማቸ ደግሞ፣ ሽንኩርት በኪሎ ወደ አሥራ ስምንት ብር በወረደበት በዚህ የምርት ጊዜ፣ መጋዘኑ ትልቅ ጥላ ከመሆን አያልፍም። ይህን ሁሉ አላምረው ያውቃል። የማያውቀው፣ እሱ ራሱ ከጉድለቶቹ አንዱ መሆኑን ነበር።

የሚያድርባት ጥግ ከሽንኩርቱ ቆጥ ጀርባ ናት። አንድ ባለሽቦ የብረት አልጋ፣ ከራስጌው በምስማር የተንጠለጠለ ካፖርት፣ ቢጫ ጀሪካን፣ ባትሪዋ በጎማ የታሰረላት ሬዲዮ፤ ያለው ይኸው ነው። ትራሱም፣ ልብሱም፣ እጁም ሽንኩርት ይሸታሉ፤ ቤተ ክርስቲያን ሲቆም አጠገቡ ያሉት ሰዎች ትንሽ ፈቀቅ እንደሚሉ ካስተዋለ ቆይቷል። ከዞብል ተራራ በኩል ነፋስ ሲነሳ ቆርቆሮው ይንጫጫል፤ ብረቱም እንደ ታማሚ ያቃስታል፤ ያን ጊዜ ተነስቶ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጥና እስኪበርድ ይጠብቃል። እዚህ እንዲተኛ ያዘዘው ሰው የለም። ሚስቱ አስካለ በሞተች በዓመቱ መጋዘኑ ተሠራ፤ ሽንኩርት እየተሰረቀ ነው ሲባል፣ «እኔ እጠብቃለሁ» ያለው ራሱ ነው። ለአንድ ምርት ብቻ ነበር ሐሳቡ። ምርቱ ተሸጠ። ማንም «ይግቡ» አላለውም፤ እሱም «ልግባ» አላለም። በመካከሉ የልጅ ልጁ እፀገነት አደገችና የእሱ አልጋ በነበረበት ሳሎን መተኛት ጀመረች። የልጁ ሚስት ራሔል ጠዋትና ማታ ምግቡን በሳህን ከድና ታመጣለታለች። ክፉ ሴት አይደለችም። የትናንቱን ሳህን ልትወስድ ስትል ታጥቦ ታገኘዋለች፤ «አባባ፣ ለምን አጠቡት?» ትላለች፤ «ምን አለበት» ይላል፤ ንግግራቸው ይህ ነው።

ይድነቃቸው በሩን ገፍቶ ገባ። አባቱን ሳይሆን ቆጡን እያየ፣ «አባ፣ ነቅተዋል?» አለ።

«ነቅቻለሁ።»

«ዛሬ ከሰዓት ኢንጂነሯ ትመጣለች። አልጋዋን ለጊዜው ብናወጣት ይሻላል፤ ቦታ ትይዛለች።»

አላምረው የቀረውን ጠበቀ። «ለጊዜው» የሚለውን ቃል አንድ ነገር ይከተለዋል ብሎ አስቦ ነበር። ይድነቃቸው ግን ጎንበስ ብሎ የአልጋውን እግር ያዘ። አባትየው ካፖርቱን ከምስማሩ አወረደ፣ ጀሪካኑን ወደ ግድግዳው አስጠጋ፣ ከዚያ እሱም በራስጌ በኩል ያዘ። አልጋው ከባድ አልነበረም። ተሸክመው ከመጋዘኑ ጀርባ ወዳለው የቁርቁራ ዛፍ ወሰዱት፤ ከሥሩ አስቀመጡት፤ ይድነቃቸው ሸራ አምጥቶ አለበሰውና ዳርዳሩን በድንጋይ ያዘው። ከሩቅ ሲታይ የተከመረ ማዳበሪያ ይመስላል። አላምረው ለምን እንደሚሸፈን ሊጠይቅ አሰበ። ሰማዩ ላይ አንድም ደመና የለም። አልጠየቀም፤ መልሱን ጠዋት ሰምቶታል።

«እስከዚያ ቆቦ ወጣ ብለው ሲባጎ ቢገዙልን» አለ ይድነቃቸው፣ ወደ በሩ ሲመለሱ፣ እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ። «ለጆንያው መስፊያ። አይቸኩሉ፤ ምሳዎንም እዚያው ይብሉ።» ብር አውጥቶ ሰጠው። በሩ አጠገብ፣ ምስማር ላይ፣ ገና ያልተፈታ የሲባጎ ጥቅል ተንጠልጥሎ ነበር። ሁለቱም አዩት።

አስፋልቱ ድረስ በእግሩ ሄደ። ከሮቢት የሚመጣ ባጃጅ አግኝቶ ቆቦ ሲደርስ ፀሐይዋ መፋጀት ጀምራለች። ሙህሲን የሚባለው ባለሱቅ የድሮ ወዳጁ ነው፤ በሱቁ ደፍ ላይ በርጩማ አውጥቶ አስቀመጠው። «ሲባጎ? ትናንት ልጅህ ወስዶ የለም እንዴ?» አለ። አላምረው «ያንሳል አለ» ብሎ መለሰ። ሙህሲን ትንሽ አየውና ጥቅሉን ሳያስከራክር በትናንቱ ዋጋ ሰጠው፤ የሁሉም ዋጋ እንደጨመረ፣ የቡሎኑ፣ የምስማሩ፣ የዘይቱ፣ አንድ በአንድ ነገረው። ከዚያ ገበያተኛ መጣ፤ ከዚያ ሌላ ገበያተኛ። በርጩማዋ የሱቁን መግቢያ እንደዘጋች አላምረው ሲያውቅ ተነሳ። ሙህሲን «ኧረ ቁጭ በል» አለ፤ ግን በርጩማዋን አንስቶ ወደ ውስጥ አስገባት።

ምሳውን በልቶ ጨረሰ፤ ቶሎም ጨረሰ። ምግብ ቤቱ ውስጥ ቴሌቪዥኑ ተከፍቷል፤ አስተናጋጇ ሳህኑን አንስታ ጠረጴዛውን ወለወለችና «ሌላ የሚታዘዝ አለ?» አለችው። የለም። መናኸሪያው አጠገብ ካለው ግራር ሥር ቆሞ ወደ ወልዲያና ወደ አላማጣ የሚሄዱትን ሚኒባሶች ሲጠሩ ሰማ። ረዳቱ ፊት ለፊቱ መጥቶ «ወልዲያ ነዎት አባት? አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረን» አለው። ለአንድ አፍታ፣ አዎ ብል ምን ይሆናል ብሎ አሰበ። ወልዲያ የሚያውቀው ሰው የለም። እዚህ ግን፣ በሚያውቁት ሰዎች መካከል፣ ለግማሽ ቀን ያህል የማይፈለግ ሰው ሆኗል። ከዚያም ይድነቃቸው መቼ እንደሚመለስ እንዳልነገረው ትዝ አለው። ያለው «አይቸኩሉ» ብቻ ነው። ሲባጎውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ወደ ባጃጆቹ ሄደ።

የተሳፈረበት ባጃጅ ውስጥ አንዲት ወጣት ሴት ቀድማ ተቀምጣለች፤ ጥቁር ሻርፕ የተሸፋፈነች፣ ቢጫ ሄልሜት ጭኗ ላይ ያደረገች። ቦታ ለቀቀችለት። ከተማውን እንደወጡ፣ «መንገድ ሥራ ነሽ ልጄ?» አላት።

«አይ አባባ፣ ከወረዳው ግንባታ ቢሮ ነኝ። ራዊያ እባላለሁ። የሽንኩርት መጋዘን ልፈትሽ ነው። መኪናችን ተበላሽታ በባጃጅ ሆነ እንጂ።»

አላምረው ራሱን ነቀነቀ። ማን እንደሆነ ሊነግራት ይችል ነበር፤ ግን በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ቦታ ለቆለት አጠገቡ ተቀምጧል፤ ትንሽ እንዲቆይ ፈለገ። ሜዳው በሁለቱም በኩል ዝርግ ነው፤ እዚህም እዚያም ሰማያዊና ቀይ የብረት መጋዘኖች ቆመዋል፤ የጉድጓድ ውኃ ከመጣ ወዲህ እንደ እንጉዳይ የፈሉ ናቸው።

«ሰው እንዳያድርበት ትከለክላላችሁ አሉ» አለ ቆይቶ። «ጠባቂ ያለው ምን ያድርግ?»

«ጠባቂ ይኑር፤ ግን ራቅ ተደርጋ የራሱ ጎጆ ትሠራለት። ወይም ቤቱ ይደር። ብረት እንደ ሳር ቤት አይደለም አባባ፤ መውደቅ ከጀመረ መውጫ ጊዜ አይሰጥም።» ሄልሜቷን አዟዟረች። «አምና ወደ ታች አንድ መጋዘን በነፋስ ወድቆ ነበር። ባለቤቱ ማንም አያድርበትም ብሎናል። ስለዚህ ባዶ ነው ብለን የሄድነው በማግስቱ ረፋድ ላይ ነው። ውስጡ ሰው ነበር።»

«ሞቶ?»

«ሲወድቅበት አልሞተም ነበር አሉ ሐኪሞቹ።» ወደ ሜዳው አየች። «እስከ ንጋት ቆይቷል። መንደሩ ከዚያ ሩቅ አይደለም። ቢፈልጉት ይደርሱለት ነበር፤ ግን የለም ተብሏል። ከዚያ ወዲህ እኔ አልጋ ባላይም እጠይቃለሁ።»

አላምረው ስለ ሰውየው ዕድሜ፣ ልጆች ይኖሩት እንደነበር ሊጠይቅ ፈለገ። ግን ተወው። ባጃጁ ከአስፋልቱ ወርዶ ወደ አቧራው መንገድ ሲታጠፍ እሱ አልወረደም፤ ራዊያ ዞር ብላ አየችው፤ «እርስዎም በዚህ ነው የሚሄዱት?» አለች። «ልጄ ጋ ነው» አላት።

ይድነቃቸው በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቅ ነበር፤ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። ኢንጂነሯን ሊቀበል ሁለት እርምጃ እንደተራመደ፣ ከኋላዋ አባቱ ሲወርድ አየና ቆመ። «ቶሎ መጡ» አለ። አላምረው ሲባጎውን ሰጠው። ራዊያ ሄልሜቷን አድርጋ ገባች። አዲስ የተበየደውን ሰያፍ ብረት በመዶሻ እየነካካች አዳመጠች፤ ብየዳውን በጣቷ ዳሰሰች፤ ፎቶ አነሳች። በየኮለኑ ሥር እየተቀመጠች ቡሎኖቹን በመፍቻ ሞከረች፤ አንዱ ላልቶ አገኘችውና ይድነቃቸው እዚያው ፊቷ አጠበቀው። ሥራዋን የምትወድ ልጅ ናት፤ አትቸኩልም። አላምረው ከበሩ አልፎ አልገባም፤ ካፖርቱን ክንዱ ላይ አድርጎ ደፉ አጠገብ ቆሟል። በመጨረሻ ከቆጡ ጀርባ ዞረች። ጥጓ ተጠርጋለች፤ ጀሪካኑ ብቻ ግድግዳው ሥር ቀርቷል።

«እዚህ የነበረው አልጋስ?»

«አውጥተነዋል።»

«ሰውየውስ?»

ይድነቃቸው ወደ በሩ ፈቀቅ አለ። አባቱ የቆመበት ወደ እሱ ቅርብ ነው፤ እጁን ቢዘረጋ ይነካዋል። «ሰውየው . . . ሄዷል» አለ።

ከውጭ የውኃ ሞተር ድምፅ ይሰማል። ይድነቃቸው የመጋዘኑን ወለል ያያል፤ ጆሮው ቀልቷል፤ ልጅ እያለ ሲዋሽም ጆሮው ነበር የሚቀላው። አላምረው ያን ሲያይ ንዴቱ ሁሉ ወጣለት፤ ባዶ ቦታ ብቻ ቀረ። ዝም ቢል ወረቀቱ ይሰጣል። ማታ ሸራው ይነሳና አልጋው ተመልሶ ይገባል፤ ወይም አይገባም፤ የት እንደሚሆን ማንም አይናገርም። ነፋስ ይመጣል። በማግስቱ ሰዎች ይመጡና ባዶ ነው ይባላሉ።

«አልሄደም» አለ። «ሰውየው እኔ ነኝ።»

ራዊያ ዞረች። «አባባ?»

«እስከ ዛሬ ጠዋት እዚህ ነበር የማድረው። አልጋው ቁርቁራው ሥር ነው፤ ሸራ ለብሷል።»

ይድነቃቸው «አባ» አለ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። ራዊያ መጀመሪያ ልጁን፣ ቀጥሎ አባቱን አየች። የተቆጣች አትመስልም ነበር፤ የደከማት ነበር የምትመስለው። «ከዛሬ ጀምሮስ የት ነው የሚያድሩት?» አለች።

አላምረው «እሱን ጠይቂው» ሊላት ይችል ነበር። «ከዛሬ ጀምሮ ቤቴ አድራለሁ» አለ።

«እውነት ነው?» አለችው ይድነቃቸውን።

ራሔል ምን እንደምትል፣ ልጅቱ የት እንደምትተኛ፣ ይህን ሁሉ በዚያች ቅጽበት እያሰላ እንደነበር አባቱ ከፊቱ አነበበ። «እውነት ነው» አለ።

ራዊያ ወረቀቱን ሄልሜቷ ላይ አስደግፋ ፈረመች። «ነፋሱ ሲጀምር ሳልነግራችሁ እመጣለሁ። እዚህ ሰው ካገኘሁ ወረቀቱን እወስዳለሁ» አለች ለይድነቃቸው። ከዚያ ወደ አላምረው ዞር ብላ፣ «ቤትም መጥቼ እጠይቅዎታለሁ፣ ኢንሻአላህ» አለች። ትጠብቃት የነበረችው ባጃጅ አቧራዋን እያስነሳች ስትርቅ አላምረው ቆሞ አየ። መጥቼ እጠይቅሃለሁ የሚለው ሰው ካገኘ ብዙ ጊዜ ሆኖታል፤ አሁን ያለችውም ገና ዛሬ የተዋወቃት ልጅ ናት።

ሸራውን አነሱና አልጋውን ተሸክመው በእርሻው ዳር ወደ ቤት ሄዱ። ልጁ ከፊት ነበር፤ ጀርባው ብቻ ነው የሚታየው። ግማሽ መንገድ ላይ ቆሞ አልጋውን አስቀመጠ፤ የደከመው አይመስልም። ሳይዞር፣ «መግባት እንደሚፈልጉ ለምን አልነገሩኝም?» አለ።

«አንተስ ለምን አልጠራኸኝም?»

ይድነቃቸው መዳፉን አየ። «እዚያ የተመቸዎት መስሎኝ ነበር» አለ፤ ተናግሮ ሳይጨርስ ግን ራሱም እንዳላመነው ያስታውቃል። ቀጥሎ «አስቤም አላውቅም። እውነቱን ልንገርዎት፣ አባ፤ አስቤበት አላውቅም» አለ። ይህ ከሁሉም የከፋው ነበር፤ እውነትም ነበር። አላምረው «እሺ» አለ፤ በራስጌ በኩል ጎንበስ ብሎ ያዘ፤ ቀሪውን መንገድ ሄዱ።

ቤቱን የሠራው አላምረው ነው፤ እንጨቱን የቆረጠውም ጭቃውን የረገጠውም ከአስካለ ጋር ሆኖ ነው። አሁን ግን ወለሉ ፕላስቲክ ምንጣፍ ለብሷል፤ ግድግዳው ሮዝ ተቀብቷል፤ አስካለ ጋን ታስቀምጥበት የነበረው ቦታ ላይ ቁም ሳጥን ቆሟል። ራሔል አልጋውን ስታይ ከባሏ ወደ አማቷ፣ ከአማቷ ወደ ባሏ አየች። «ወረቀቱ ተሰጠ?» አለች። «ተሰጠ» አላት ይድነቃቸው። የልጅቱን ፍራሽ ጠቀለለች፣ ሶፋውን ወደ መስኮቱ ገፋች፣ ከአልጋው ሥር ያለውን ወለል ጠረገች። ትራሱን ስታነሳ ለአፍታ ከፊቷ ራቅ አደረገችው፤ ከዚያ ያየ ሰው እንዳለ ፈርታ ይመስላል ቶሎ ብላ አስተካክላ አስቀመጠችው። ንጹሕ አንሶላ አምጥታ አለበሰችለት።

እራት በአንድ ትሪ ቀረበ። አላምረው ቤት ውስጥ ከትሪ መብላት የረሳ ይመስል እጁን ዘግይቶ ነበር የሚሰደው፤ ራሔል ወጡን ወደ እሱ እየገፋች «ይብሉ እንጂ አባባ» ትላለች። ይድነቃቸው ዩኒየኑ ነገ መኪና እንደሚልክ ተናገረ። ራሔል ጥሩ ነው አለች። እፀገነት እናቷ ጉልበት ላይ ተደግፋ ሽማግሌውን ስታይ ቆየች። መጋዘን ያለውን ሰው ታውቀዋለች፤ ሳህን ይዛ ከእናቷ ጋር ሄዳ ታውቃለች፤ እዚህ ምን እንደሚሠራ ግን አልገባትም። «አባባ መቼ ነው የሚሄዱት?» አለች።

ራሔል «ዝም በይ» አላለችም። ይድነቃቸውም ቀና አላለም። ሁለቱም እጃቸው ትሪው ላይ እንዳለ ቆመ፤ መልሱን እነሱም ይጠብቁት እንደነበር አላምረው አወቀ።

«አልሄድም» አላት። «እዚህ ነው የማድረው።»

ልጅቱ አሰበችበት። «እሺ» አለች። በልተው ጨርሰው እጃቸውን ሲታጠቡ ብርድ ልብሷን እየጎተተች ወደ እናቷ ክፍል ገባች፤ ራሔልም ትሪውን ጓዳ አኑራ ከይድነቃቸው ጋር ተከተለቻት፤ የክፍሉ በር ቀስ ብሎ ተዘጋ። ከበሩ ጀርባ ይንሾካሾኩ ጀመር፤ ቃሉ አይሰማም፤ ለእሱ እንዳይሰማ ተብሎ ዝቅ መደረጉ ግን ይሰማል።

አላምረው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ኮንጎ ጫማውን አወለቀ፤ የእርሻው ጭቃ ደርቆበታል። ምንጣፉ ላይ ሊያኖረው ብሎ፣ ሲጠረግ አይቶታልና ተወው። ከአልጋው ሥር እንዳያስገባው ራሔል የልጅቱን ልብስ የያዘ ካርቶን ገፍታበታለች። በሩ አጠገብ የሦስቱ ጫማ በአንዲት ጠባብ መደርደሪያ ላይ ተደርድሯል፤ ትርፍ ቦታ የላትም። ጫማውን በእጁ እንደያዘ ተቀመጠ።

ይድነቃቸው የውጭውን በር ሊቆልፍ ከክፍሉ ወጣ። አባቱን እንዲያ ተቀምጦ ሲያየው ቆመ።

«ምነው አባ፣ አይተኙም?»

«የት ላኑረው?» አለ አላምረው፣ ጫማውን ከፍ አድርጎ።

ይድነቃቸው ቀረብ ብሎ ጫማውን ከአባቱ እጅ ተቀበለ፤ መደርደሪያውን አየ፣ ምንጣፉን አየ፣ ካርቶኑን አየ። ሳሎኑ መካከል፣ ጭቃ የያዘውን ጫማ እንዳንጠለጠለ፣ ቦታ እየፈለገ ቆመ።